የግጥም ሥልጠና በሠፈር የጥበብ ማዕከል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

እነዚህ ጥያቄዎች በምዝገባ ሰሞንና ከሥልጠና በኋላ ቡና ላይ ደጋግመው የሚነሱ ናቸው። መልሶቹ የተጻፉት በአማርኛ ግጥም ላይ ለሚሰጥ የ8 ሳምንት ሥልጠና ነው። በወጣት ማዕከልም ይሁን በቤተ መጻሕፍት አዳራሽ ወይም በዕድር ቤት ቢሰጥ ያገለግላሉ።

ግጥም ጽፌ አላውቅም። መመዝገብ እችላለሁ?

ይመዝገቡ። አማርኛ ማንበብና መጻፍ ከቻሉ፣ ከሥልጠናው ውጭም በሳምንት 3 ሰዓት ያህል ካላጡ ይበቃል። ሠርግ ላይ ዘፈን የተቀበለ፣ ልቅሶ ላይ ሙሾ የሰማ፣ በልጅነቱ ሆያ ሆዬ ያለ ሰው የግጥሙ ምት ጆሮው ውስጥ ገብቷል። ሥልጠናው ያንን ጆሮ ወደ እጅ ማውረድ ነው። ብዙ የጻፉ ሰዎችም ይመጣሉ፤ እነሱ ደግሞ የሚቸገሩት በመሰረዝ ላይ ነው። ሁለቱ አብረው ሲቀመጡ አንዱ ከአንዱ ይማራል፤ ስለዚህ ጀማሪና ነባር ብለን አንከፍልም።

ስንት ሰው ይገባል? ለምንስ ይገደባል?

12 ሰው። ሒሳቡ እንዲህ ነው፦ 8 ሳምንት፣ በሳምንት አንድ ቀን፣ 2 ሰዓት። የመጀመሪያዎቹ 2 ሳምንታት ለጋራ ልምምድ ይሄዳሉ። በቀሩት 6 ሳምንታት በየጊዜው የ4 ሰው ግጥም ይታያል፤ 24 ተራ ይሆናል፤ ለእያንዳንዱ ሰው 2 ይደርሰዋል። ለአንድ ግጥም 20 ደቂቃ ስለሚያዝ 4ቱ 80 ደቂቃ ይወስዳሉ። ከቀረው 40 ደቂቃ 10ሩ ለመክፈቻ ንባብ፣ 20ው ለጽሑፍ ልምምድ፣ 10ሩ ለእረፍት ነው።

20 ሰው ሲገባ ይህ ሁሉ ይፈርሳል። አንድ ሰው አንድ ተራ ብቻ ይደርሰዋል፣ አስተያየቱም «ጥሩ ነው፣ በርታ» ላይ ይቆማል። በሁለተኛው ተራ አዲስ ግጥም ከማምጣት የመጀመሪያውን አርሞ መምጣት ይሻላል። በስምንት ሳምንት ውስጥ ትልቁ ትምህርት የሚገኘው ከዚያ ነው፤ አንድን ስንኝ ሦስቴ ጽፎ ሦስተኛው የተሻለ መሆኑን በራስ ጆሮ መስማት።

ግጥሜን ሲተቹት እንዳላፍር እፈራለሁ። አስተያየቱ እንዴት ነው የሚሰጠው?

20 ደቂቃው ሥርዓት አለው። በመጀመሪያ ባለቤቱ ግጥሙን ጮክ ብሎ አንድ ጊዜ ያነባል። ቀጥሎ ያንኑ ግጥም ሌላ ሰው ያነበዋል። ይህችን ሁለተኛ ንባብ የሚዘልሉ ሥልጠናዎች ብዙ ናቸው፤ ባይዘልሏት እንመክራለን። ገጣሚው ስንኙን በልቡ ስለሚያውቀው የጎደለውን ቀለም (አፍ አንዴ ሲከፈት የሚወጣውን የቃል ቁራጭ) በድምፁ ይሞላዋል፣ የበዛውንም ይውጠዋል። ግጥሙን አይቶት የማያውቅ ሰው ግን የሚሰናከልበት ቦታ ላይ ይሰናከላል። ያ ቦታ ላይ እርሳስ ይደረጋል።

ከዚያ 2 ደቂቃ ዝምታ፤ ሁሉም ወረቀቱ ላይ ምልክት ያደርጋል። ከዚያ 11 ደቂቃ ያህል አስተያየት። በዚህ ጊዜ ባለቤቱ አይናገርም፣ አያብራራም፤ ይጽፋል። «እኔ ለማለት የፈለግኩት...» ብሎ ከጀመረ አንባቢው ግጥሙን ትቶ ማብራሪያውን መገምገም ይጀምራል። የመጨረሻዋ 3 ደቂቃ የባለቤቱ ናት፤ የሚጠይቀውን ይጠይቃል።

እኛ አገር አንድ ልዩ ችግር አለ፤ ዕድሜ። አንድ ክበብ ውስጥ የ19 ዓመት ተማሪና የ60 ዓመት ጡረተኛ ሲቀመጡ፣ ተማሪው «ጋሼ፣ በጣም ቆንጆ ነው» ብሎ ያልፋል፤ ጋሼም ምክር ወደ መስጠት ይሄዳሉ። ማክበር ተገቢ ነው፣ አይቀርምም። መፍትሔው ንግግሩን ከሰውየው ወደ ስንኙ ማዞር ነው። «ግጥምዎ እዚህ ጋ ደክሟል» ከማለት «ሦስተኛው ስንኝ ላይ ምላሴ ተሰናከለ» ማለት። ይህን ማንም ለማንም፣ በእርስዎም ሆነ በአንቺ፣ ሊናገረው ይችላል። በመጀመሪያው ቀን አስተማሪው የራሱን ያልተስተካከለ ግጥም አቅርቦ ይህን ቢያለማምድ ክበቡ ቶሎ ይላመዳል።

ምን ይዤ ልምጣ?

ደብተር፣ እርሳስ፣ ላጲስ። ተራዎ በሚደርስበት ሳምንት የግጥምዎን 13 ቅጂ፤ 12ቱ ለተሳታፊዎች፣ አንዱ ለአስተማሪው። በአንድ ገጽ የሚያልቅ፣ በ14 የፊደል መጠን፣ በስንኞቹ መካከል እርሳስ የሚያስገባ ሰፊ ክፍተት ያለው ይሁን። በየ5 ስንኙ ዳር ላይ ቁጥር ያድርጉ፤ «ያቺ ስለ እናት የምታወራው ጋ» እየተባለ የሚፈለግበት ጊዜ ይተርፋል። ፎቶ ኮፒው ከከበደ በቴሌግራም መላክ ይቻላል፤ ግን ስልክ ሲከፈት ሌላውም ሁሉ ይከፈታል፤ ስክሪን ላይም ምልክት ማድረግ ያስቸግራል። ስለዚህ ለሁለት አንድ ቅጂም ቢሆን ወረቀት እንመርጣለን።

ቀለም እንዴት ነው የሚቆጠረው? ፊደሉን ብቆጥር አይበቃም?

አይበቃም፤ ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተውም እዚህ ነው። ቀለም የሚቆጠረው በአፍ እንጂ በዓይን አይደለም። ሳድስ ፊደል አናባቢ የሚኖረውም የማይኖረውም ጊዜ አለ፤ አናባቢ ከሌለው ከፊቱ ካለው ፊደል ጋር ተጣብቆ አንድ ቀለም ይሆናል። «አበባ» 3 ፊደል፣ 3 ቀለም ነው። «ይበላል» 4 ፊደል ሆኖ 3 ቀለም ነው፤ ይ፣ በ፣ ላል። «ትምህርት» ደግሞ 5 ፊደል ሆኖ ሳለ 2 ቀለም ብቻ ነው፤ ትም፣ ህርት።

አሠራሩ ቀላል ነው። መዳፍዎን ጠረጴዛ ላይ ያድርጉና ቃሉን ቀስ ብለው ይበሉ፤ አፍዎ በተከፈተ ቁጥር አንዴ መታ ያድርጉ። የመቱት ብዛት የቀለሙ ብዛት ነው።

አማርኛ ውስጥ በብዛት የሚሠራበት የግጥም ምት ወል ቤት ይባላል። አንዱ ስንኝ 12 ቀለም አለው፣ ከመካከል እረፍት አለው፤ 6 ቀለም ያለው ሐረግ፣ ከዚያ ሌላ 6። ለልምምድ የተሠራ አንድ ጥንድ ስንኝ እንይ፦

ከደጃፍሽ ቆሜ ዝናብ እየመታኝ
ጃንጥላ ላኪልኝ ቅዝቃዜው ሳይረታኝ

ሲቆጠር፦

ከ-ደ-ጃ-ፍሽ-ቆ-ሜ / ዝ-ናብ-እ-የ-መ-ታኝ
ጃን-ጥ-ላ-ላ-ኪ-ልኝ / ቅዝ-ቃ-ዜው-ሳይ-ረ-ታኝ

ስድስት፣ ስድስት። አሁን አንድ ተሳታፊ «ከደጃፍሽ ላይ ቆሜ» ብሎ ቢጽፍስ? ሐረጉ 7 ሆነ፤ ሲነበብ «ላይ» ላይ እግር ይጠልፋል። «ከ» ቦታውን ስለነገረን «ላይ» ትርጉም አልጨመረችም፤ ትሰረዝ። በሥልጠና ላይ ከሚሰረዙት ቃላት አብዛኞቹ እንዲህ ዓይነት ናቸው፤ «ላይ»፣ «ውስጥ»፣ «ደግሞ»፣ «እኮ»።

ቆጥሬ 12 ሆነልኝ፤ ግን ሲነበብ ይጎረብጣል። ለምን?

ምናልባት እረፍቱ ቃል ሰብሮ ነው። «ከደጃፍሽ ላይ ቆሜ ዝናቡ መታኝ» ቢሉ ሲቆጠር በትክክል 12 ነው። ስድስተኛው ቀለም ግን «ቆ» ላይ ይወድቃል፤ «ሜ» ወደ ሁለተኛው ሐረግ ተሻግራለች። ጆሮ ማረፍ የሚፈልገው ቃል ያለቀበት ላይ ነው። ስለዚህ ሁልጊዜ 12ን ሳይሆን 6ን ሁለት ጊዜ ይቁጠሩ።

ሌላው ምክንያት መዋጥ ነው። በአናባቢ ያለቀ ቃል «እ» ብሎ የሚጀምር ቃል ሲያገኝ «እ»ው ይዋጣል። «ቡና እንጠጣ» በዝግታ 5 ቀለም ነው፤ ሰው እንደሚናገረው «ቡናንጠጣ» ሲባል ግን 4። ስለዚህ እዚያ ቦታ ላይ አንባቢው ምን እንደሚያደርግ አይታወቅም፤ አንዱ ይውጣል፣ ሌላው አይውጥም። ከቻሉ ከ«እ» በፊት በተነባቢ የሚያልቅ ቃል ያስቀምጡ፤ «ዝናብ እየመታኝ» ላይ ችግር ያልተፈጠረው ለዚህ ነው።

ከወል ቤት ሌላ በሥልጠናው የሚሠራባቸው ሰንጎ መገንና ቡሄ በሉ ናቸው። ሰንጎ መገን 5 በ5፣ ቡሄ በሉ 4 በ4 ነው። ቡሄ በሉ ይሮጣል፤ ለሐዘን ግጥም የመረጠው ሰው ብዙ ጊዜ ወደ ወል ቤት ይመለሳል።

ቤት መምታት ግዴታ ነው?

በመጀመሪያዎቹ 4 ሳምንታት አዎ፤ ከዚያ በኋላ ምርጫ ነው። ቤት ሳይመታ የሚጻፍ ነጻ ግጥም አለ፣ ጥሩ ጥሩውም ብዙ ነው። ግን ቤት የማይመታው ስለማይችል ከሆነና ስለማይፈልግ ከሆነ ልዩነቱ ገጹ ላይ ይታያል።

ቤት ሲመታ ቢያንስ የመጨረሻው ቀለም መመሳሰል አለበት። ከላይ «መታኝ» እና «ረታኝ» የተያያዙት በ«ታኝ» ነው። ሞክሼ ፊደላት አያስጨንቁዎ፤ «ሰ» እና «ሠ»፣ «ሀ» እና «ሐ» ለጆሮ አንድ ስለሆኑ ቤት ይመታሉ። የሚያስጨንቀው ሌላ ነው። አማርኛ ግሡን ከዓረፍተ ነገሩ መጨረሻ ስለሚያደርግ «ሄደ-ወደደ» እያሉ፣ ወይም «ነው» በ«ነው» እያደረጉ አንድ ገጽ መሙላት ይቻላል። ያ ቤት ተመቷል፣ ግን ባዶ ቤት ነው። ልምምዱ እንዲህ ነው፦ በግሥ ያለቁትን ስንኞች ሁሉ አስምሩባቸው። ከ10 ስንኝ 8ቱ ከሆኑ ሦስቱን በስም እንዲያልቁ አዙሯቸው። የቃሉ ቅደም ተከተል ሲቀየር አዲስ ሐሳብም ተከትሎ ይመጣል።

ሰምና ወርቅ እንማራለን?

አንድ ሙሉ ሳምንት ተመድቦለታል። ሰዎች የሚያስቡት ሁለት ፍቺ ያለው ቃል ማግኘት ብቻ እንደሚበቃ ነው። ቃሉ የመጀመሪያው ግማሽ ነው። «ሽፍታ»ን እንውሰድ፤ ጫካ የገባ ሰውም ነው፣ ቆዳ ላይ የሚወጣም ነው። «ገላዬን ሽፍታ ያዘው» ብንል የሚሰማው ሕመሙ ብቻ ነው። «ገላዬን ሽፍታ ወረረው» ስንል ግን ግሡ ለሁለቱም ሠራ፤ ሽፍታ አገር ይወርራል፣ ሽፍታ ቆዳ ይወርራል። ከዚያ «ገላዬ» የሚለው አገርም ሊሆን ቻለ። ስለዚህ ኅብረ ቃሉን፣ ሁለት ፍቺ ያለውን ቃል፣ ካገኙ በኋላ ለሁለቱም የሚሆን ግሥ ይፈልጉ። «ገና»ን፣ «ዋና»ን፣ «ቆላ»ን እየወሰዱ ቤትዎ ይሞክሩ። «ገና» ላይ ይጠንቀቁ፤ የበዓሉ ስም ጠብቆ ይነበባል፣ «ገና ነው» የሚለው ላልቶ፤ ወረቀት ላይ ተደብቆ ድምፅ ላይ ይጋለጣል።

ይህ ከቅኔ ቤት ትምህርት በምን ይለያል?

በጣም ይለያል፤ ይተካዋል ብሎ የሚያስብ ቢኖር ይሳሳታል። የቅኔ ተማሪ ግእዝ ከነሰዋስው ይማራል፣ ከየኔታ እግር ሥር ተቀምጦ ከጉባኤ ቃና፣ ከባለ ሁለት ስንኙ፣ ይጀምራል፤ ቅኔ እየቆጠረና እየዘረፈ (በቃሉ እየደረሰ) ከረጃጅሞቹ አንዱ እስከሆነው መወድስ ይደርሳል። ዓመታት ይፈጃል። ዋሸራ፣ ጎንጅና ዋድላ የተባሉት የቅኔ ቤቶች ስማቸው የሚጠራው በዚህ ነው። እኛ ከዚያ የምንወስደው አንድ ልማድ ነው፤ ግጥም መጀመሪያ በቃል ይወጣል፣ በጆሮ ይታረማል።

ሰው ፊት ማንበብ አልችልም፤ ድምፄ ይንቀጠቀጣል።

ድምፅ አየር ሲያልቅም ይንቀጠቀጣል። አንድ የወል ቤት ስንኝ በአንድ ትንፋሽ ይወጣል፤ ሁለቱን በአንድ ትንፋሽ ለማውጣት ሲሞከር ሁለተኛው ይደክማል። ወረቀትዎ ላይ እያንዳንዱ ስንኝ ካለቀ በኋላ አጭር መስመር ያስምሩ፤ እዚያ ይተንፍሱ። በመካከሉ ያለችው የሐረግ እረፍት የትንፋሽ አይደለችም፤ የድምፅ ብቻ ናት።

ማይክሮፎን ካለ ከአፍ አንድ ጭብጥ ያህል ይራቅ፣ በትንሹም ወደ ጎን ይዘንበል፤ በቀጥታ ፊት ለፊት ከሆነ «ጰ»፣ «ፐ» እና «ፈ» ይፈነዳሉ። ወረቀቱን ደረት ላይ ይያዙት፣ ፊትዎን አይሸፍኑበት። አዳራሽ ውስጥ ከለመዱት ፍጥነት በግማሽ ይቀንሱ፤ ለእርስዎ የዘገየ የሚመስለው ለሰሚው ልኩ ነው።

ግጥሜን ሰው ቢወስድብኝስ?

በኢትዮጵያ ሕግ፣ በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ ግጥምዎ ተጽፎ ካለቀበት ጊዜ ጀምሮ መብቱ የእርስዎ ነው። ጥበቃውን ለማግኘት መታተም ወይም መመዝገብ አያስፈልገውም። ጥበቃው በሕይወት ዘመንዎና ከዚያ በኋላ ለ50 ዓመት ይቆያል። ሐሳብን ግን ሕጉ አይጠብቅም፤ «በዝናብ በር ላይ የቆመ ሰው» የሚለውን ሁሉም ሊጽፈው ይችላል፣ የእርስዎን ስንኞች ግን አይደለም።

ክርክር ቢነሳ የሚጠቅመው ማስረጃ ነው፤ ረቂቆችን ከነስርዝ ድልዛቸው ከነቀናቸው ያስቀምጡ፣ ለራስዎ በኢሜይል ይላኩ። በክበቡ ውስጥ የቀረበ ግጥም ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ፎቶ አይነሳም፣ በቲክቶክ አይለቀቅም። ይህን ሁሉም በመጀመሪያው ቀን ይስማማበታል።

ልጆችስ?

ከ9 እስከ 13 ዓመት ላሉት ለብቻ፣ 60 ደቂቃ ይበቃል። በቡሄ በሉ ይጀመርላቸው፤ ነሐሴ 13 ሲመጣ በየደጁ የሚሉት ስለሆነ ምቱን ማስተማር አያስፈልግም፣ ቃሉን ብቻ ይቀይራሉ። እንቆቅልሽም ጥሩ በር ነው። ግጥማቸው አይተችም፤ ይነበብላቸዋል፣ ይጨበጨብላቸዋል።

ውጭ አገር ነው የምኖረው። በኢንተርኔት መከታተል እችላለሁ?

ይቻላል፤ ቁጥሩ ግን ወደ 8 ዝቅ ቢል ይሻላል፣ በስክሪን 12 ሰው ይበዛል። ሰዓት ላይ ብዙ ስሕተት ይፈጠራል። የአዲስ አበባ ማታ 1 ሰዓት በዋሽንግተን በእነሱ የሙቀት ወራት እኩለ ቀን፣ በብርድ ወራታቸው ደግሞ ከጠዋቱ 11 ሰዓት በእነሱ አቆጣጠር ነው፤ እነሱ ሰዓት ይቀይራሉ፣ እኛ አንቀይርም። እስራኤል ያሉት በሙቀት ወራታቸው ከእኛ ጋር እኩል ናቸው፣ በብርድ ወራታቸው በ1 ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራሉ። ማስታወቂያ ላይ ሁለቱንም ሰዓት ይጻፉ።

አማርኛ እየተናገሩ ፊደል ሳይማሩ ያደጉ ወጣቶች ይጠይቁናል። በላቲን ፊደል የተጻፈ አማርኛ የሚጠብቀውንና የሚላላውን፣ «ጠ»ንና «ተ»ን እየደባለቀ ሌላውን አንባቢ ያሰናክላል። እነሱ ግጥማቸውን በድምፅ ቀድተው ይላኩ፣ ሌላ ሰው በፊደል ይገልብጥላቸው። ቀለም መቁጠር የጆሮ ሥራ ስለሆነ ከሌላው እኩል ይጓዛሉ፤ ጎን ለጎን ፊደሉን ይማሩ።

በሠፈራችን እንዲህ ያለ ሥልጠና ልንጀምር ነው። ምን እናሰናዳ?

ክፍሉን በመጀመሪያ በጆሮ ይፈትሹ። አንድ ሰው ከአንድ ጫፍ በተራ ድምፅ ያንብብ፣ ሌላው ከሌላው ጫፍ ይስማ። ባዶ ግድግዳና የሲሚንቶ ወለል ያለው አዳራሽ ያስተጋባል፤ ቀለሙ ይደራረባል። ምንጣፍ ወይም መጋረጃ ብዙ ይረዳል። ከሁሉ በላይ የቆርቆሮ ጣራ ካለ ሐምሌና ነሐሴን ይርሷቸው፤ ዝናቡ ሲጥል አንድ ስንኝ አይሰማም። ከመስቀል በኋላ፣ ጥቅምት ላይ መጀመር ጥሩ ነው፤ 8 ሳምንቱ ከገና በፊት ያልቃል።

ወንበሮቹ ክብ ይሁኑ፣ የአስተማሪውም ከክቡ አይውጣ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል በመስኮት ብርሃን የሚሠራበት ሰዓት፣ ለምሳሌ ቅዳሜ ከቀኑ 9 እስከ 11፣ ይመረጣል። ነጻ ከሆነ ሰው ይመዘገብና ይቀራል፤ ትንሽም ቢሆን ማስያዣ ተቀብሎ እስከ መጨረሻው ለቆየ መመለስ ክቡ እንዳይሳሳ ይረዳል።

ሥልጠናው ሲያልቅ ምን ይሆናል?

የንባብ ምሽትና ትንሽ መድብል። 12 ሰው ሦስት ሦስት ግጥም ቢያዋጣ 36 ገጽ ይሞላል፤ ሽፋኑ፣ ማውጫውና የገጣሚዎቹ አጭር መግለጫ ሲጨመር 48 ገጽ በቂ ነው። 48 ገጽ በኤ5 መጠን፣ 12 ኤ4 ወረቀት በሁለት ፊት ታትሞ ታጥፎ መካከሉ ላይ ሲሰፋ ይወጣል። የገጹ ብዛት ለ4 የሚካፈል ካልሆነ ከመጨረሻው ባዶ ገጽ ይተርፋል። ከመታተሙ በፊት አንድ ቅጂ ወረቀት ላይ ይውጣና እያንዳንዱ ገጣሚ የራሱን ሳይሆን የጎረቤቱን ጮክ ብሎ ያንብብ፤ የተዘለለች ፊደል የምትገኘው በዚያ ነው። በምሽቱ አንድ ሰው ከ2 ግጥም በላይ አያንብብ፤ የቤተሰቡ ወንበር ከፊት ይሁን፣ እናቶች ሙሉውን መስማት አለባቸው።